ባዶ የመሰለው ቦታ፦ በኔትወርክ ፓኬት ስለሚያመልጥ የማኅደረ ትውስታ ቅሪት

ወረቀት መቆጠብ የለመደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ፤ በአንድ ገጹ የተጻፈበትን ወረቀት ከመጣል ይልቅ ገልብጦ በጀርባው መጻፍ። በጀርባው የሰፈረችው አጭር ማስታወሻ ወደ ጎረቤት ክፍል ስትላክ፣ በፊተኛው ገጽ ያለው የደመወዝ ዝርዝር ወይም የዲሲፕሊን ውሳኔ አብሯት ይሄዳል። ላኪው ምስጢር አላወጣም፤ ተቀባዩም አልሰረቀም፤ ነገር ግን ምስጢሩ ወጥቷል። ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው በሚላላኩበት ጊዜ ይኸው ልማድ እንዴት እንደ ተከሠተ፣ ስንት ዓመት ሳይታወቅ እንደ ቆየ፣ ከታወቀና ከታረመ በኋላም ለምን ደጋግሞ እንደ ተመለሰ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የኮምፒዩተር ደኅንነት ነገር ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ የሚሣለው አጥር ዘልሎ፣ ቁልፍ ሰብሮ የሚገባ ወንበዴ ነው። እዚህ የምናወሳው ጉድለት ግን ከዚያ የተለየ ነው። የተሰበረ በር የለም። መሣሪያው ለቀረበለት ደንበኛ ጥያቄ ደንበኛ መልስ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን በመልሱ ጅራት ላይ ማንም ያልጠየቀው ቅሪት ተንጠልጥሎ ይወጣል። ቅሪቱም የሚመነጨው ከማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሌላ ሰው ከተላከ ደብዳቤ፣ ሌላ ተጠቃሚ ከጻፈው የይለፍ ቃል፣ ወይም ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የውስጥ ሥራ የተቆረሰ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ ጉድለት እጅግ የሚያስተምረው ምሳሌ ኤተርሊክ በሚል ስም የታወቀው ስለ ሆነ፣ ሐተታችን ባመዛኙ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ገመድ ነው። ሮበርት ሜትካፍ የተባሉት ተመራማሪ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሲሠሩ፣ ሜይ 22 ቀን 1973 በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ኮምፒዩተሮች በአንድ የጋራ ገመድ ስለ ማገናኘት ማስታወሻ ጻፉ፤ ሥርዓቱንም ኤተርኔት አሉት። ከዴቪድ ቦግስ ጋር ያቆሙት የመጀመሪያው ኤተርኔት በሴኮንድ 2.94 ሚሊዮን ቢት ያመላልስ ነበር፤ ሁለቱ ስለ ሥራቸው ያዘጋጁት ጥናትም በ1976 ታተመ። በ1980 ዲጂታል፣ ኢንቴልና ዜሮክስ የተባሉት ኩባንያዎች ተባብረው ፍጥነቱን ወደ 10 ሚሊዮን ቢት ያሳደገ መግለጫ አወጡ። በ1983 ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር 802.3 በሚል ቁጥር ደረጃ አድርጎ አጸደቀው።

በጋራ ገመድ ላይ የሚነጋገሩ ማሽኖች ሰብሳቢ የሌለው ሸንጎ ናቸው። ሁሉም ያዳምጣል፤ ጸጥታ ሲሰፍን መናገር የፈለገው ይናገራል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የጀመሩ እንደ ሆነ ድምፃቸው ይጋጫል፤ ግጭቱንም አውቀው ዝም ማለትና ጥቂት ቆይተው እንደገና መሞከር አለባቸው። ችግሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ከገመዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ መውሰዱ ነው። ንግግሩ ከመጠን በላይ ካጠረ፣ ግጭቱ በወዲያኛው ጫፍ የሚደርሰው ተናጋሪው ጨርሶ ከተቀመጠ በኋላ ስለሚሆን ሳያውቀው ይቀራል። ስለዚህ በ10 ሚሊዮን ቢቱ ኤተርኔት ማንኛውም ተናጋሪ ቢያንስ 512 ቢት የሚፈጀውን ጊዜ፣ ማለትም 51.2 ማይክሮ ሴኮንድ፣ እንዲናገር ተደነገገ። 512 ቢት 64 ባይት ነው። ከዚህ ውስጥ 14ቱ አድራሻዎቹና የመልእክቱ ዓይነት የሚጻፍበት ራስጌ፣ 4ቱ ደግሞ የስሕተት መፈተሻ ቁጥር ናቸው። ለመልእክቱ የሚተርፈው ዝቅተኛ መጠን 46 ባይት ይሆናል።

46 ባይት ብዙ አይደለም፤ ሆኖም በኔትወርክ ላይ ከሚመላለሱት መልእክቶች መካከል ከዚህ የሚያንሱ ሞልተዋል። «ይህ አድራሻ የማን ነው?» የሚለው የአርፕ ጥያቄ 28 ባይት ብቻ ነው። «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጣራው፣ በተለምዶ ፒንግ የሚባለው ጥሪም ሌላ ነገር ካልተጫነበት እንዲሁ 28 ባይት ነው። በቲ.ሲ.ፒ. «ደርሶኛል» የሚለው ባዶ ማረጋገጫ 40 ባይት ነው። እነዚህ ሁሉ የተደነገገው ልክ እስኪደርሱ መሞላት አለባቸው፤ ሁለቱ በ18 በ18 ባይት፣ ሦስተኛው በ6 ባይት። ተቀባዩ የመልእክቱን እውነተኛ ርዝመት ከራሱ ከመልእክቱ ስለሚያነብ መሙያውን ቆርጦ ይጥለዋል። ታዲያ ሊጣል ለተፈጠረ ነገር ማን ይጨነቃል? የጉድለቱ ሥር እዚህች ጥያቄ ውስጥ ነው ያለው።

የደንብ ጸሐፊዎቹ ግን ነገሩን አልዘነጉትም። ቻርልስ ሆርኒግ ያዘጋጁትና በ1984 ኤፕሪል የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 894 የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ፓኬቶች በኤተርኔት ላይ እንዴት እንደሚጫኑ የሚወስን አጭር ሰነድ ነው። መልእክቱ ከዝቅተኛው ልክ ካነሰ በዜሮ መሞላት እንደሚገባው፣ መሙያውም የፓኬቱ አካል እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ጆን ፖስተልና ጆይስ ሬይኖልድስ በ1988 ፌብሩዋሪ ያወጡት አር.ኤፍ.ሲ. 1042 ለአይ ትሪፕል ኢ 802 ኔትወርኮች ያንኑ ደገመው። እንግዲህ መድኃኒቱ የተጻፈው በሽታው ስም ከማግኘቱ ወደ 19 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ሰነዱ የመረጠው ግሥ «ይገባል» የሚለውን እንጂ «ግዴታ ነው» የሚለውን አልነበረም። በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለኢንተርኔት ደንቦች ሁሉ እንዲያገለግል ተደርጎ የተፈታው በ1997 በወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 2119 ነው፤ በ1984 ግን አንባቢው እንደ መሰለው ሊረዳው ይችል ነበር። ከግሡም ይልቅ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሚያመዝነው ሌላ ጉድለት አለ፤ ሰነዱ ዜሮ ለምን እንደ ተመረጠ አይናገርም። ለሥርዓት ይሁን ለምስጢር ጥበቃ፣ ድራይቨር የሚጽፈው መሐንዲስ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። መሐንዲሱም የጊዜ ገደብ ተጭኖት፣ በማሽኑ ፍጥነት እየተመዘነ፣ ምክንያቱ ያልተነገረውን ሥራ ቢዘልለው ብዙም አያስደንቅም።

የሚያስደንቀው፣ ምክንያቱ በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በሌላ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1983 አውጥቶ በ1985 የሚኒስቴሩ ደረጃ ያደረገው፣ በሽፋኑ ቀለም «ብርቱካናማው መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተር ደኅንነት መመዘኛ፣ አንድ የመረጃ ማኖሪያ ቦታ ከአንዱ ተጠቃሚ ተወስዶ ለሌላው ሲሰጥ የቀድሞው ባለቤት የተወው ነገር ለአዲሱ ሊታይ እንደማይገባ ያዝዛል። ሲ2 ከተባለው ደረጃ ጀምሮ ይህ ግዴታ ነበር። ይሁን እንጂ መጽሐፉ በአመዛኙ የሚናገረው ለብቻው ስለ ቆመ አንድ ሥርዓት ነው፤ ለኔትወርክ የተዘጋጀው ማብራሪያ የወጣው በ1987 ነበር። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ያለው ርቀት አጭር ቢሆንም አልተጋጠሙም፤ አንዱ ወገን «ዜሮ ሙላ» ብሎ ምክንያቱን አልጻፈም፤ ሌላው ምክንያቱን ጽፎ ወደ ገመዱ ስለሚወጣው ቁራጭ አላሰበም።

አሁን ወደ ድራይቨሩ ውስጥ እንግባ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ፓኬቱን አሰናድቶ በፈር በሚባል ጊዜያዊ ማኖሪያ ካስቀመጠ በኋላ የኔትወርክ ካርዱን ለሚያሠራው ድራይቨር ያስረክባል። ድራይቨሩ ርዝመቱን ያያል፤ ከ60 ባይት ካነሰ መሞላት እንዳለበት ያውቃል፤ የቀሩትን 4 የመፈተሻ ባይቶች ካርዱ ራሱ ይጨምራቸዋል። ትክክለኛው አሠራር በጎደለው ቦታ ላይ ዜሮ መጻፍ ነው። በብዙ ድራይቨሮች ውስጥ የተገኘው ትእዛዝ ግን ከዚህ የተለየ ነበር፤ «ርዝመቱ ከ60 ካነሰ ርዝመቱን 60 በለው» የሚል አንድ መስመር። ቁጥሩ ተለወጠ፤ ቦታው ግን አልተነካም። ካርዱም በታዘዘው መሠረት ከበፈሩ መጀመሪያ 60 ባይት ቆጥሮ ወደ ገመዱ ለቀቀው። ብርሌ ሳይለቀለቅ ለተከታዩ እንግዳ ሲቀዳበት የመጀመሪያው እንግዳ አተላ እንደሚደባለቅ፣ ከፓኬቱ ጫፍ በኋላ የነበረው ሁሉ አብሮ ወጣ።

ይህ አንድ መስመር ለምን ሳይታረም እንደ ቆየ ለመረዳት፣ ድራይቨሩ እንዴት እንደሚፈተን ማሰብ ያስፈልጋል። ፓኬቱ ይደርሳል፤ ተቀባዩ መልሱን ያነብባል፤ መሙያውን ይጥላል፤ ሥራው ይቀጥላል። ማሽኑ አይቆምም፤ ስሕተት የሚል ጽሑፍ አይወጣም፤ ማንም ተጠቃሚ አያማርርም። ጉድለቱን ሊያይ የሚችለው፣ ሌላው ሁሉ ሳያነብ የሚጥለውን ቁራጭ ሆን ብሎ አንሥቶ የሚመረምር ሰው ብቻ ነው።

ይህን ያደረጉት ኦፊር አርኪንና ጆሽ አንደርሰን ናቸው። አት ስቴክ ለሚባለው የደኅንነት ጥናት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ከኤተርኔት ፍሬሞች ስለሚያፈስሰው መረጃ ጥናታቸውን አወጡ፤ ለጉድለቱም ኤተርሊክ የሚል ስም ሰጡት። ሰርት የሚባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል በዚያው ሰሞን ማስጠንቀቂያ አወጣ። የጉድለቶች መዝገብ በሆነው ሲ.ቪ.ኢ. ውስጥም የ2003 የመጀመሪያው ቁጥር ተሰጠው። የጥናቱ ዋነኛ ፍሬ ጉድለቱ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ማንም ሊያነብበው በሚችለው በሊኑክስና በኔትቢኤስዲ የድራይቨር ኮድ ውስጥ ያው መስመር በልዩ ልዩ ሰዎች እጅ፣ ለልዩ ልዩ ካርዶች፣ ተደጋግሞ ተጽፎ ተገኘ።

ተመራማሪዎቹ የቅሪቱን ምንጭ በሦስት ለይተውታል፤ ልዩነቱም ለባለሙያ ቁም ነገር አለው። አንደኛው ከርነሉ ለፓኬቱ የሚመድበው ተለዋዋጭ በፈር ነው። ይህ ከከርነሉ የጋራ ማኅደረ ትውስታ የተቆረሰ ስለ ሆነ፣ በውስጡ ቀርቶ የሚገኘው ነገር ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ከሦስቱም አስጊው እርሱ ነው። ሁለተኛው ድራይቨሩ ለራሱ ለይቶ የያዘው ቋሚ በፈር ሲሆን፣ እዚያ የሚቀረው ከዚህ ቀደም የተላለፈ ፓኬት ጅራት ነው። ሦስተኛው ከዋናው ማኅደረ ትውስታ ወጥቶ በካርዱ በራሱ ውስጥ ያለው የመላኪያ ማኖሪያ ነው፤ ይህም የቀደመ ፓኬትን ቅሪት ይይዛል። የመጀመሪያውን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊያጸዳው ይችላል። ሦስተኛውን ግን ከርነሉ እንኳ አያየውም። ስለዚህም «ባለቤቱ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በጥናቱ ውስጥ ባይነሣም ከእያንዳንዱ ገጹ ጀርባ ቆሞ ይታያል፤ ደንብ ጸሐፊው ለድራይቨሩ ትቶታል፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ወይም ካርዱ የሠራው መስሎታል፤ ካርዱ ደግሞ የተሰጠውን ቆጥሮ ይልካል።

ከአምራቾቹ መልስ አንዱ በተለይ ሊታወስ ይገባዋል። ማይክሮሶፍት ራሱ የሚያቀርባቸው ድራይቨሮች ጉድለቱ እንደሌለባቸው ገልጦ፣ ነገር ግን ለድራይቨር ጸሐፊዎች በሚያድለው መመሪያ ውስጥ ያሉት ናሙናዎች እንዳሉ ከተገለበጡ ጉድለቱን ሊያስከትሉ እንደሚችሉ አምኖ ናሙናዎቹን አረመ። ድራይቨር ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይሰወረውም። ማንም ከባዶ ገጽ አይጀምርም፤ የሠራ ናሙና ይገለብጣል፤ በአዲሱ ካርድ መጠን ይቀይረዋል። የደብተራ ግልባጭ ስሕተት ከአንዱ ብራና ወደ ሌላው እንደሚወረስ ሁሉ፣ ያቺ አንዲት መስመርም እንዲሁ ተወረሰች።

«18 ባይት ምን ሊሆን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ በ2003ም ይህን ያሉ አልታጡም። መልሱ በሁለት ወገን ነው። አንደኛ፣ ፒንግ ክፍያ የማይጠየቅበት ጥሪ ነው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ የሚጣራ ሰው በአንድ ቀን 86,400 መልስ ይቀበላል፤ እያንዳንዱ 18 ባይት ቅሪት ቢይዝ 1,555,200 ባይት ይሆናል። ብዙው ጥቅም የሌለው ወይም የተደጋገመ ሊሆን ይችላል፤ ወርቅም የሚታጠበው ከአሸዋ ነው። ሁለተኛው ወገን ከዚህ ይከብዳል። ስዊች የሚባለው መሣሪያ በጋራው ገመድ ምትክ ከገባ ወዲህ ጎረቤት የጎረቤቱን ንግግር አይሰማም፤ ኔትወርኮችም በፋየርዎል ተከፋፍለው የሂሳብ ክፍሉ ከእንግዶች መቀበያው ተለይቷል። በሁለቱ መካከል የቆመው መሣሪያ ከአንዱ ወገን የተቀበለውን ቅሪት ለሌላው ወገን በሚሰጠው መልስ ጅራት ላይ ካንጠለጠለ ግን፣ ግድግዳው እንዲለያይ የተሠራውን ነገር ግድግዳው ራሱ ያገናኘዋል ማለት ነው።

ለፍርድ ያህል የጉድለቱን ወሰንም መናገር ይገባል። መሙያው የኤተርኔቱ እንጂ የፓኬቱ አካል ስላልሆነ የመጀመሪያው ራውተር ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ቅሪቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው በዚያው አጎራባች ኔትወርክ ላይ መገኘት አለበት። ከባሕር ማዶ ተቀምጦ የሚሠራ አይደለም።

ይህን ወሰን የጣሰ የቅርብ ዘመድ ግን በዚያው ዓመት ተገኘ። በ2003 ጁን ፊሊፕ ቢዮንዲ የተባሉት ፈረንሳዊ ተመራማሪ በአሮጌው የሊኑክስ 2.0 ከርነል ውስጥ ሌላ ፍሳሽ አሳዩ። አንድ ፓኬት ሊደርስ ካልቻለ መሣሪያው «አልደረሰም» የሚል የአይ.ሲ.ኤም.ፒ. ማስታወቂያ ለላኪው ይመልሳል፤ የትኛው ፓኬት እንደ ሆነ ላኪው እንዲያውቅም መጀመሪያውን በማስታወቂያው ውስጥ ይጠቅስለታል። ከርነሉ የጥቅሱን ርዝመት ሲያሰላ ስለሚሳሳት፣ ከፓኬቱ መጨረሻ አልፎ ከማኅደረ ትውስታው ጥቂት ባይት ጨምሮ ይጠቅስ ነበር። እዚህ ላይ ቅሪቱ የወጣው በፓኬቱ ውስጥ እንጂ በመሙያው ውስጥ ስላልሆነ ራውተር አያስቀረውም፤ ወደ ፈለገው አገር ይሄዳል። ቢዮንዲ የጻፉት፣ ፓኬት ለመሥራትና ለመመርመር የሚያገለግለው ስካፒ የተባለው መሣሪያ ሁለቱንም ፍሳሾች በጥቂት መስመር ለማየት ያስችላል፤ መመሪያውም እንደ ምሳሌ ያቀርባቸዋል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዘመዶች በአጭሩ እንለፋቸው። በ2014 ኤፕሪል የተገለጠውና ዓለምን ያናወጠው ሃርትብሊድ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይሆን የኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. ጉድለት ነበር፤ ላኪው ስለ ርዝመቱ ሲዋሽ ተቀባዩ አምኖት እስከ 64 ኪሎ ባይት ድረስ ከማኅደረ ትውስታው ይመልስለታል። በ2016 ኦገስት ሻዶው ብሮከርስ የተባሉት ወገኖች ካወጧቸው መሣሪያዎች አንዱ የሲስኮን ፒክስ ፋየርዎል የሚመለከት ነበር፤ ኩባንያው ይህን ሲመረምር አይ.ኦ.ኤስ. የተባለው የራውተሮቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተምም የተጠረገ መንገድ ለመመሥረት የሚላከውን የአይ.ኬ.ኢ. ፓኬት በሚቀበልበት ክፍል ማኅደረ ትውስታውን እንደሚያፈስስ በሴፕቴምበር አስታወቀ። ይህ በኢንተርኔት ላይ ከሩቅ የሚደረስበት ነበር።

በ2020 ኦክቶበር ደግሞ የጉግል መሐንዲስ የሆኑት አንዲ ንዊን በሊኑክስ የብሉቱዝ ክፍል ውስጥ ያገኟቸው ጉድለቶች ተገለጡ። ከእነዚህ አንዱ እንደ ኤተርሊክ ያልተጠረገ ቦታ ነው፤ ከርነሉ ለመልስ ያዘጋጀውን ቅጽ የመጀመሪያ መስመሮች ብቻ ሞልቶ፣ የቀረውን እንዳለ ይልከዋል። የሚወጣው ጥቂት ባይት ነው። ይሁን እንጂ ዘመናዊ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ወራሪ መንገዱን እንዳያውቅ የኮዳቸውን አድራሻ በየጊዜው ያደባልቃሉ፤ ፓክስ የተባለው የሊኑክስ ማጠናከሪያ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው በ2001 ነበር። እነዚያ ጥቂት ባይቶች ከእንዲህ ያለው አድራሻ አንዱን ከያዙ፣ ማደባለቁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ንዊንም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በቅሪቱ አድራሻውን አውቀው፣ በሌላው ጉድለት ከሩቅ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ፣ የራሳቸውን ትእዛዝ በማሽኑ ላይ አስኬዱ። በ2003 «ምን ሊሆን ነው?» የተባለለት መጠን በዚህ ዘመን የሙሉ ወረራ የመጀመሪያ ደረጃ ሆኗል።

ወደ መሙያው እንመለስ። የሊኑክስ አዘጋጆች ለኤተርሊክ የሰጡት መልስ ኤስኬቢ ፓድቱ የተባለ የጋራ ተግባር ነው። ድራይቨሩ ፓኬቱን ሲያቀብለው፣ ተግባሩ ከፓኬቱ ጫፍ በኋላ ያለውን ቦታ በዜሮ ሞልቶ ይመልስለታል፤ ቦታ ከሌለም ሰፋ ያለ በፈር ያዘጋጅለታል። ሥራው ጥሩ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ድራይቨር ራሱ ሊጠራው ይገባል፤ የረሳው ድራይቨር እንደ ቀድሞው ያፈስሳል። ግዴታው ከሰነድ ወደ ኮድ ቢሸጋገርም አሁንም በድራይቨር ጸሐፊው ትዝታ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ውጤቱም ታየ። በ2017 ጃንዋሪ ጁኒፐር የተባለው ኩባንያ ከኪው.ኤፍ.ኤክስና ከኢ.ኤክስ ተከታታይ ስዊቾቹ አንዳንዶቹ የኤተርኔት ፓኬቶችን በዜሮ እንደማይሞሉ፣ በዚህም የማኅደረ ትውስታ ወይም የቀደሙ ፓኬቶች ቁራጭ ሊወጣ እንደሚችል አስታወቀ። በ2021 ጃንዋሪ ደግሞ ፓሎ አልቶ ኔትወርክስ በበርካታ የፋየርዎል ሞዴሎቹ ላይ ያንኑ ጉድለት አስታወቀ፤ በማስታወቂያው ርእስ ላይም ኤተርሊክ የሚለው የ18 ዓመቱ ስም ሰፍሮ ነበር። እነዚህ በሙያው የተካኑ መሐንዲሶች የሞሉባቸው፣ ምርታቸው ራሱ የኔትወርክ ጥበቃ የሆነ ኩባንያዎች ናቸው። ስለዚህ «አላወቁም» ማለት አያስኬድም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ምክንያቱ የሙያችን አደረጃጀት ነው። ጉድለቱን በ2003 ያረሙት ሰዎች ለአንድ የኮድ ዛፍ ነው ያረሙት፤ አዲስ ቺፕ ሲሠራ፣ አዲስ ድራይቨር ከሌላ ናሙና ሲገለበጥ፣ እርማቱ በራሱ ተነሥቶ አይከተልም። የመቀበያ ፈተናውም ያው የቀድሞው ነው፤ ፓኬቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም።

በድራይቨር ጸሐፊው ትዝታ ላይ የማይንጠለጠል መልስ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ2019 የወጣው ሊኑክስ 5.3 ከርነሉ ማኅደረ ትውስታ በመደበ ቁጥር አስቀድሞ በዜሮ እንዲጠርገው የሚያዝዝ ምርጫ ይዞ መጣ። ኮድ የሚያቀናብሩት ክላንግና ጂ.ሲ.ሲ.ም ከዚያ ወዲህ ያልተሞሉ ተለዋዋጮችን በራሳቸው ዜሮ የሚያደርጉበት ምርጫ አግኝተዋል። ለረጅም ጊዜ ይህን ያገደው የፍጥነት ጭንቀት ነበር፤ የከርነሉ ሰነድ ራሱ ግን ዋጋው በአብዛኛው ሥራ ከ1 በመቶ በታች መሆኑን፣ ሆን ተብለው በተሠሩ አንዳንድ መለኪያዎች ግን እስከ 7 በመቶ መድረሱን ይናገራል። ይህም ቢሆን ሁሉን አይሸፍንም። ድራይቨሩ ደጋግሞ የሚጠቀምበት ቋሚ በፈር አንድ ጊዜ ከተመደበ በኋላ እንደገና አይጠረግም፤ በካርዱ ውስጥ ያለውን ማኖሪያም ከርነሉ አይደርስበትም። ከሦስቱ ምንጮች የተዘጋው አስጊው ቢሆንም ሁለቱ ክፍት ናቸው።

የደኅንነት ፍተሻ ሶፍትዌሮች ኤተርሊክን ዛሬም በዘገባቸው ያወጡታል፤ ብዙ ጊዜም በዝቅተኛ ደረጃ ስለሚመደብ ሳይነበብ ይታለፋል። ለማጣራት የሚፈልግ ባልደረባ በእጁ ካለው መሣሪያ በቀር ሌላ አያስፈልገውም። ወደ ተጠረጠረው ማሽን 1 ባይት ብቻ የጫነ ፒንግ ደጋግሞ ይላክና የሚመለሱት ፍሬሞች የመጨረሻ 17 ባይት ይታዩ፤ ሁሉም ዜሮ ከሆኑ ወይም አንድ ዓይነት ሆነው ከጸኑ ደኅና ነው፤ ከመልስ ወደ መልስ የሚለዋወጡ፣ አልፎም የሚነበብ ጽሑፍ የሚታይባቸው ከሆነ ግን ማሽኑ ያፈስሳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምርመራው በተቀባዩ በኩል መደረግ አለበት እንጂ በተጠረጠረው ማሽን ላይ አይሁን፤ መሙያው የሚጨመረው የፓኬት መቅጃው ፓኬቱን ካየ በኋላ፣ በድራይቨሩ ወይም በካርዱ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ላኪው በራሱ መቅጃ ላይ የሚያየው 29 ባይት ያለበትን ንጹሕ ፓኬት ብቻ ነው።